ካርድሽን የበላው ኢሞ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። መጋላ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ሱቅ አለችኝ። ካርድ እሸጣለሁ፣ ሲም አወጣለሁ፣ አዲስም ያገለገለም ስልክ እሸጣለሁ። ድሮ ሰው ካርድ የሚገዛው ለመደወል ነበር። አሁን ሁሉም በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቴሌግራም ነው የሚያወራው። እናቴ እንኳን ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር ማታ ማታ በኢሞ ስታወራ ታመሻለች። ዱባይ ያለችው እህቴ ግን ዋትሳፕ ላይ መጻፍ እንጂ መደወል አልሠራ ብሏታል። የካርድ ሽያጬ ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው። ቴሌ በዚህ አይከስርም ወይ? መደበኛ ጥሪስ ጭራሽ ሊጠፋ ነው? ጎረቤቴ ደግሞ ‹ዋይፋይ አስገቢና በደቂቃ እያስከፈልሽ ሰው አስደውይ› ይለኛል። ያዋጣል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ካርዱ እንነጋገር። ሽያጭሽን የቀነሰው ኢሞ አይደለም። በኢሞ የሚደውል ሰው ዳታ ያስፈልገዋል፣ ዳታውንም ይገዛል። የተለወጠው የሚገዛበት ቦታ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ከመጣ ወዲህ ሰው ፓኬጅ የሚገዛው አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው። ሳፋሪኮም ያወጣ ደግሞ ኤም-ፔሳ አለው። ካርድ ሊፍቅ ብሎ አንቺ ሱቅ ድረስ የሚመጣው ሰው ቀነሰ፤ በድሬ ፀሐይ ደግሞ አይፈረድበትም። ስለዚህ ብሩ ከቴሌ ኪስ አልወጣም። የወጣው ከአንቺ ኮሚሽን ነው።

ቴሌ ይከስራል ወይ ለሚለው ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ነፃ ጥሪ» ይሉታል እንጂ ነፃ አይደለም። መተግበሪያው ድምፅሽን ይጨምቀዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይቆራርጠዋል፣ ከዚያ ቁራጭ በቁራጭ ይልከዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አድራሻ ይለጠፋል። አንዳንዴ አድራሻው ከድምፁ የማይተናነስ ቦታ ይይዛል። ሁሉም ሲደመር የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሜጋባይት ይበላል። ቪዲዮ ሲሆን እንደ ጥራቱ 5 ሜጋባይትም ከዚያም በላይ ይሄዳል። በ1 ጊጋባይት 1000 ደቂቃና ከዚያ በላይ በድምፅ ማውራት ይቻላል ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ሒሳብ አለው።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በመደበኛ ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ብቻ ነው። ተቀባዩ ስልኩ ላይ አምስት ሳንቲም ሳይኖረው እንደልቡ ያወራል። በኢሞ ግን ሁለቱም ይከፍላሉ። ድሬ ያለች እናትና አዲስ አበባ ያለ ልጇ በዋትሳፕ ሲያወሩ ለአንዱ ወሬ ሁለት ጊዜ ዳታ ተሸጧል። ሚስኮል አድርጎ መልሶ እስኪደወልለት መጠበቅ የለመደ ሕዝብ፣ ሳይታወቀው ለሚቀበለው ጥሪም መክፈል ጀመረ። ኩባንያዎቹ ይህን ጮክ ብለው አይናገሩትም።

የሁለቱ ጥሪዎች አሠራርም ለየቅል ነው። የድሮውን መደበኛ ጥሪ ባጃጅ ኮንትራት እንደመያዝ አስቢው። አወራሽም ዝም አልሽም፣ ከዳር እስከ ዳር ቦታው ለአንቺ ተይዟል። የኢንተርኔቱ ጥሪ በሰው ሒሳብ እንደመሳፈር ነው። ቦታ ካለ ትሄጃለሽ፣ ሰው ከበዛ ትጠብቂያለሽ። ከመግሪብ በኋላ፣ ይልቁንም በኢድ ሰሞን፣ ሁሉም ዘመዱን ሲያናግር ወሬው ሁሉ «ሀሎ? ትሰሚኛለሽ?» የሚሆነው ለዚህ ነው። ድምፁ ሳይደርስ ቀርቶ አይደለም፣ አርፍዶ ስለሚደርስ ነው። ያረፈደውን ቁራጭ መተግበሪያው ይጥለዋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያስቀመጠው ልክ ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ጆሮ 150 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ሁለቱም እኩል ይናገራሉ፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። ይህን ለእናትሽ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየማታው ታየዋለች።

ታዲያ በነዚህ መተግበሪያዎች የተጎዳ የለም? አለ። የተጎዳው ርቀት የሚሸጠው ነው።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ሥራው ርቀት መሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መዘርጋት የጀመረው መስመር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከእኛው ሰፈር ተነሳ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ደንቡ አልተለወጠም፤ ርቀቱ ሲጨምር ሒሳቡም ይጨምራል። ውጭ አገር መደወል ደግሞ የባለጸጋ ነገር ነበር። ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በመንገደኛ የሚልከው ወዶ አልነበረም።

የውጭ ጥሪ ክፍያው እንዲህ ነው የሚሄደው። ጅዳ ያለችው እህትሽ በመደበኛ ስልክ ስትደውል የሳውዲው ኩባንያ እሷን ያስከፍላታል። ከዚያ ላይ፣ ጥሪውን ተቀብሎ አንቺ ጋ ለሚያደርሰው ለኢትዮጵያው ኩባንያ በደቂቃ የተስማሙበትን ይከፍላል። የሚከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አረብ አገርና አሜሪካ ብዙ ልጆች ላሏት፣ ዶላር ሁልጊዜ ለሚያጥራት አገር፣ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ራሱን የቻለ የዶላር ምንጭ ነበር። ልጅ በናፈቀ ቁጥር ዶላር ይገባል።

አሁን እህትሽ በኢሞ ስትደውል እዚያ ለዳታዋ በሪያል ትከፍላለች። እዚህ እናትሽ በብር ፓኬጅ ትገዛለች። በመሃል የሚያልፍ ዶላር የለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቱ የሚመጣው ጅቡቲንና ሌሎች ጎረቤቶችን ተሻግሮ ከባሕር ውስጥ ኬብል ነው። ያ መስመር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ድሮ ዶላር ያስገባ የነበረው ወሬ አሁን በትንሹም ቢሆን ያስወጣል። ስለዚህ ቴሌ አይከስርም ስልሽ ምንም አልጎደለበትም ማለቴ አይደለም። የጎደለበት ብር ተተክቷል፤ ዶላሩን ግን የተካው የለም።

ሲም ስለምታወጪ ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ሌብነት ማወቅ አለብሽ። ምናልባት ደርሶብሻል። አጎትሽ ከሳውዲ ይደውላል፣ ስክሪንሽ ላይ ግን በ966 የሚጀምር ቁጥር ሳይሆን የማታውቂው 09 ይመጣል። ይህ ሲም ቦክስ ይባላል። ጥሪው ከሳውዲ በኢንተርኔት ይመጣና እዚህ አንድ ቤት ውስጥ የተደበቀ፣ ብዙ ሲም የተሰካበት ሳጥን ላይ ያርፋል። ሳጥኑ ከአገር ውስጥ እንደተደወለ አስመስሎ አንቺ ጋ ይደውላል። በመሃል ያለው ሰው የውጭውን ሒሳብ ይቀበላል፣ እዚህ የሚከፍለው ግን የአገር ውስጡን ታሪፍ ብቻ ነው። ልዩነቱ ወደ ኪሱ ይገባል። ሳጥኑ ያለ ሲም አይሠራም። በሰው መታወቂያ ሲም በብዛት የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣ፣ ትርፉ ቢያጓጓም ይቅርብሽ። አንድ የሚያስቅ ነገር ግን አለ፤ ሰው በቀጥታ በዋትሳፕ መደወል ሲለምድ የሲም ቦክሱም ገበያ አብሮ ይጠባል። ሌባውንም ኢሞ ሥራ አሳጣው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ስካይፕ በ2003 ሲጀመር (የውጭ አገሮቹን ዓመታት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) ኩባንያዎቹ ብዙም አልደነገጡም፤ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ማለት ይጠይቃል። ነገሩ የተለወጠው ጥሪው ኪስ ውስጥ ሲገባ ነው። ቫይበር በ2010 መጨረሻ መጣ፣ ዋትሳፕ በ2015 ጥሪ ጀመረ፣ ቴሌግራም በ2017 ተከተለ። መንገዱን የከፈተው ስካይፕ ራሱ አልቆየም። ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2025 ዘጋው።

የስልክ ኩባንያዎቹም መንግሥታቱም መጀመሪያ የሮጡት ለመዝጋት ወይም ለማስከፈል ነው። ኬፒኤን የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ2011 ደንበኞቹ ኤስኤምኤስ ትተው ወደ ዋትሳፕ ሲሄዱበት ለመተግበሪያዎቹ ተጨማሪ ላስከፍል አለ። ሰው ጮኸ፣ ፓርላማው ጭራሽ በሕግ ከለከለው። ሞሮኮ በ2016 መጀመሪያ ጥሪውን ዘጋች፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከፈተች። ኡጋንዳ በ2018 በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለች። ብዙ ሰው ቪፒኤን፣ ማለትም የሚጠቀመውን የሚሸሽግ መተግበሪያ፣ እየከፈተ አመለጠ። በ2021 መንግሥት ያንን ትቶ ዳታው ላይ 12 በመቶ ግብር ጫነ። ሊባኖስ በ2019 የዋትሳፕ ጥሪን ላስቀርጥ ስትል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ግብሩ ወዲያው ተሰረዘ፤ ሰልፉ ግን አልቆመም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። በእርግጥ የሰው ብሶት ከዋትሳፕ በላይ ነበር።

የእህቶችሽ ልዩነትም ከዚሁ የመጣ ነው። ሳውዲ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ የነበረውን እገዳ በ2017 አነሳች። ኤምሬቶች ግን የዋትሳፕ ጥሪን ዘግተው ፈቃድ የሰጧቸውን ብቻ ነው የሚያሠሩት። ቦቲም ከተፈቀዱት አንዱ ነው። ዱባይ ያለችው እህትሽ እሱን ትጫን፣ አንቺም እዚህ ጫኚው፤ ሁለታችሁም ላይ ከሌለ አይሠራም።

እኛ አገርስ? እዚህ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፈው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከነአካቴው ከልክሎ ነበር። በ2004 አዋጅ ቁጥር 761 ሲወጣ «ኢትዮጵያ ስካይፕ ከለከለች» ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። መንግሥት የሰጠው መልስ፣ ለግል መጠቀም አልተከለከለም፣ የተከለከለው እያስከፈሉ ማስደወል ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺም አይተሽዋል። ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀነሰ። ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም መጣ። የሙከራ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ከአዲስ አበባ በፊት ድሬዳዋ ላይ ነው፤ በዚህ ብንኮራ ነውር የለውም። ሁለት ኩባንያ ባለበት ገበያ አንዱ ዋትሳፕን ቢያጨናንቅ ሰው ሲሙን ወደ ሌላው ይቀይራል። ስለዚህ ሁለቱም የመረጡት ዳታን ከድምፅ ጋር ጠቅልሎ መሸጥን ነው።

«መንገዱን ሠርተን ሌላው ነገደበት» የሚለው የኩባንያዎቹ እሮሮ በየአገሩ ይሰማል። ለኔ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ኢሞና ዋትሳፕ ባይኖሩ ያን ሁሉ ጊጋባይት ማን ይገዛው ነበር? እውነት የሆነው ግማሽ ከከተማ ወጣ ስትይ ነው የሚታየው። ታወር መትከል፣ ጄኔሬተሩን ናፍጣ ማጠጣት፣ ፋይበር መዘርጋት ውድ ነው። በብዙ አገር ይህን የሚደጉመው ከውጭ ጥሪ የሚገኘው ትርፍ ነበር። ድጎማው ሲቀር ኩባንያው ብዙ ሰው ወደሚገኝበት ያደላል። እዚህ ከተማው መሃል፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዳታው ይበራል፣ ገጠር ያለው ዘመድ ግን ኮረብታ ላይ ወጥቶ 2ጂ ይፈልጋል።

መደበኛ ጥሪ ሊጠፋ ነው ወይ ላልሽው፣ በቅርቡ አይጠፋም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ገና ብዙ ነው። ዳታ ያልሞላ አለ፣ ዳታውን ባትሪ እንዳይጨርስበት ያጠፋ አለ። የባጃጅ ሹፌር ስትጠሪ ኢሞ አለው ወይ ብለሽ አትጠይቂም። አምቡላንስ ስትጠሪ 907 ነው፣ ዋትሳፕ አይደለም። ቁጥር ካለሽ መደወል ትችያለሽ፤ መተግበሪያ ግን ሁለቱም ሰዎች ጋ መኖር አለበት፣ ያውም ያው መተግበሪያ።

የሚቀየረው የመደበኛ ጥሪ ውስጡ ነው። ደንበኞችሽ ስለሚጠይቁሽ ይህን ላብራራው። 4ጂ የተሠራው ለዳታ ብቻ ነው። ቮልቲ የሚባለው፣ መደበኛ ጥሪን በ4ጂው ላይ የሚያስኬደው፣ ካልበራ፣ መደበኛ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ 4ጂውን ትቶ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ኢሞ ላይ እያወሩ ሌላ ሰው በመደበኛ ሲደውል ኢሞው የሚንተባተበው ወይም የሚቋረጠው ለዚህ ነው። «ስልኬ ተበላሸ» ብለው ሲያመጡልሽ ፎርማት እንዳታደርጊው። ቮልቲ ራሱ ደግሞ ኩባንያው የሚያቀርበው የኢንተርኔት ጥሪ ነው ብትይ አልተሳሳትሽም። ድምፁ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ኔትወርኩ ለሱ ቅድሚያ መስጠቱ ነው። ጥራቱም ያድጋል። የድሮው መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለነበር ሁሉም ሰው በአፍንጫው የሚያወራ ይመስል ነበር።

ኤስኤምኤስ ግን እንደ መጻጻፊያ አበቃለት ማለት ይቻላል። የቀረው የባንክ መልእክትና የማረጋገጫ ኮድ ነው። ዋትሳፕ እንኳን ስትከፍቺው ኮዱን በኤስኤምኤስ ነው የሚልከው።

አሁን ወደ ሱቅሽ። ኢሞ የካርድ ደንበኛ ወሰደብሽ ብለሽ ታዝኚበታለሽ እንጂ የስልክ ደንበኛ ያመጣልሽም እሱ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ለምዳ የኖረች እናት ቶች ስክሪን ስልክ የምትገዛው ለሌላ ነገር አይደለም፤ ውጭ የተወለደ የልጅ ልጇን ፊት ለማየት ነው። እንዲህ ያለች ደንበኛ ስትመጣ ካሜራውንና ስፒከሩን እዚያው ሱቅ ውስጥ በቪዲዮ ጥሪ አሳዪያት፣ ሌላውን ብትተይውም ግድ የለም። ያገለገለ ስልክ ስትገዢ አንድሮይድ 4 ያለበትን አትንኪ፤ ዋትሳፕ እሱን ትቶታል፣ ስልኩ እጅሽ ላይ ይቀራል። ሜሞሪ የሞላባቸው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዋትሳፕና ከቴሌግራም ግሩፕ በራሱ የሚወርደው ቪዲዮ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ በራሱ ማውረዱን አጥፊላቸው። ዋትሳፕ ላይ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ የሚለው ውስጥ ለጥሪ የሚበላውን ዳታ የሚቀንስ ማብሪያ አለ፣ እሱን ደግሞ አብሪላቸው። መተግበሪያ መጫን፣ አካውንት መክፈት፣ አዲስ ስልክ ላይ የድሮውን መልእክት መመለስ፣ ስልኩን ከመሸጡ በፊት አካውንቱን ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚጠየቅባቸው ሥራዎች ናቸው። ብዙ ባለሱቅ «ትንሽ ነገር ነው» እያለ በነፃ ይሠራቸዋል። አንቺ ግድግዳ ላይ ዋጋቸውን ጽፈሽ ለጥፊ። ከካርድ ኮሚሽን ይሻላል።

ዋይፋዩንም አስገቢ፤ አፕዴትና አፕ ለመጫን ያዋጣሻል። በደቂቃ እያስከፈሉ ማስደወሉን ግን ተይው። አዋጅ 761 የሚከለክለው ይህንኑ ነው፣ ቅጣቱም በዓመታት የሚቆጠር እስር ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳን ገበያው የለም። በኢንተርኔት ቤቶች ዘመን ሰው ማይክ ያለበት ኮምፒውተር ለማግኘት ወረፋ ይይዝ ነበር። ዛሬ ያው ሰው ዳታውን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሱቅሽ በር ላይ እያወራ ነው የሚያልፈው።